ለዲኤንኤስ ሰርቨራችሁ የራሱን አድራሻ ስጡት

እንደምን አመሻችሁ! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሰላም ለሁላችሁም። ከኋላ ያላችሁት ድምፄ ይደርሳል? እሺ፣ ጥሩ። ከስራ በኋላ ደክሟችሁ እዚ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ ነው ማመሰግናችሁ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ላፕቶፑ ላይ የራሱን የዲኤንኤስ ሰርቨር፣ ማለትም ስም ሲሰጡት አድራሻውን ሚመልሰውን ፕሮግራም፣ ጭኖ ሚያውቅ እጁን ያውጣ። ዲኤንኤስማስክ በሉት፣ አንባውንድ በሉት፣ ባይንድ በሉት፣ የዊንዶውሱም ይሁን። ኦ፣ ብዙ ናችሁ! እሺ እጃችሁን እንዳታወርዱ። ከናንተ ውስጥ ዋይፋይ ሲቀይር ነገሩ ሁሉ ተበላሽቶበት ሚያውቅ? አያችሁ፣ አንድም እጅ አልወረደም። እንግዲህ ዛሬ ማወራው ስለዚሁ ነው።

ምናገረው አንድ ነገር ነው፣ ዞሬ ዞሬ እሱኑ ነው ምለው። ማሽናችሁ ላይ ያለው የዲኤንኤስ ሰርቨር የራሱ የሆነ አድራሻ ይኑረው። ከዋይፋይ ጋር ማይመጣ፣ ከዋይፋይ ጋር ማይሄድ፣ ኬብል ተነቀለ ተሰካ ግድ ማይለው አድራሻ። ይሄንን ደሞ ሚሰጠን ቨርቹዋል ኔትወርክ አዳፕተር፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ ያለ የኔትወርክ ካርድ ነው። መጀመሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሰራ፣ ሶስተኛ የት የት ላይ ሰው እንደሚወድቅ አወራለሁ፣ ሶስተኛው ላይ ረዘም አርጌ እቆማለሁ ምክንያቱም ሰአት ሚበላው እሱ ነው።

ለምን ያስፈልጋል? ከራሴ ልጀምር። የዛሬ ጥቂት አመት አንድ ስልጠና ልሰጥ ሁሉን ነገር ላፕቶፔ ላይ አዘጋጀሁ፣ ሰባት ስምንት ሚሆኑ ሰርቪሶች፣ ሁሉም በስም ሚጠራሩ፣ ስሞቹን ሚፈታው ደሞ እዛው ላፕቶፕ ላይ ያለ ትንሽ የዲኤንኤስ ሰርቨር። ሰርቨሩ ሚያዳምጠው የት ላይ ነው? 192.168.1.20 ላይ፣ እሱ ምንድነው፣ ሳዘጋጅ የነበርኩበት ክፍል ዋይፋይ የሰጠኝ አድራሻ ነው። ማታውን አስር ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አስሩንም ጊዜ ሰርቷል። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ገባሁ፣ የአዳራሹን ዋይፋይ ያዝኩ፣ ላፕቶፑን ሪስታርት አረኩት፣ ሰው ተቀመጠ፣ የመጀመሪያውን ገፅ ከፈትኩ፣ የለም። ሁለተኛውን፣ የለም። ሎጉን ሳየው ሰርቨሩ ገና ሲነሳ «የተጠየቀውን አድራሻ መያዝ አልተቻለም» ብሎ ሞቷል። ልክ ነው እኮ! አዲሱ ዋይፋይ በ10 ሚጀምር አድራሻ ነው የሰጠኝ፣ 192.168.1.20 ሚባል ነገር ማሽኑ ላይ የለም፣ ሰርቨሩ በሌለ አድራሻ ላይ እንዴት ይቀመጥ? አርባ ሰው እያየኝ ላብ በላብ ሆኜ ኮንፊገሬሽን ስቀይር ሀያ ደቂቃ ሄደ። የነዛ ሰዎች ሀያ ደቂቃ እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ እውነቴን ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ምን እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ 127.0.0.1 ላይ ለምን አታረገውም እያላችሁ ነው አይደል? ጥሩ ጥያቄ ነው። በ127 ሚጀምረው ሰፈር በሙሉ ሉፕባክ ነው፣ ዋይፋይ ኖረ አልኖረ አለ፣ ጠያቂው እዛው ማሽን ላይ ያለ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ በቂ ነው፣ ቨርቹዋል አዳፕተርም አያስፈልጋችሁም፣ አትድከሙ። ችግሩ ሚመጣው ኮንቴይነርና ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ላፕቶፓችሁ ውስጥ የራሳቸው ኔትወርክ ያላቸው ማሽን መሰል ነገሮች፣ ሲገቡ ነው። 127.0.0.1 ማለት «እኔ ራሴ» ማለት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ፕሮግራም «እኔ ራሴ» ሲል ኮንቴይነሩን ነው ሚለው፣ የናንተን ላፕቶፕ አደለም።

አንድ አብሮኝ ሚሰራ ጎበዝ ልጅ አለ፣ ይቺ ነገር አንድ ቀን ተኩል በልታበታለች። ማሽኑ ላይ ስሞቹ ሁሉ ይሰራሉ፣ ኮንቴይነሮቹን ሚያሄድለት ዶከር ውስጥ ሲገባ የውጪው ስም ሁሉ ይሰራል፣ የራሱ ስሞች ግን አይታወቁም ይባላል። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ዶከር በዲፎልቱ ብሪጅ ኔትወርክ ላይ ላለ ኮንቴይነር የማሽኑን ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ፋይል፣ የትኛው ዲኤንኤስ ሰርቨር እንደሚጠየቅ ሚፃፍበትን፣ ሲሰጠው በ127 ሚጀምሩትን መስመሮች አውጥቶ ይጥላቸዋል፣ ምክንያቱም እዛ ውስጥ ትርጉም የላቸውም። ሌላ ምንም ካልቀረ የጉግልን 8.8.8.8 እና 8.8.4.4 ያስገባል። ጉግል ደሞ የልጁን ላፕቶፕ ስሞች ከየት ያውቃል? የተሰበረ ነገር አልነበረም፣ ሁሉም ስራውን በትክክል እየሰራ ነው፣ ለዛ ነው ለማግኘት ያስቸገረው። ቨርቹዋል አዳፕተር ፈጥረን በ10 ሚጀምር አድራሻ ሰጥተን ዶከርን እሱን ጠይቅ ስንለው በአስር ደቂቃ አለቀ።

ደሞ ይሄ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽን ላይ ሚያስተዳድረውን ኩበርኔትስ የምትሰሩ ካላችሁ ኖድ ሎካል ዲኤንኤስ ካሽ ሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ በየማሽኑ ላይ ያሉ ፖዶች፣ ማለትም ኮንቴይነሮቹ፣ እዛው ማሽናቸው ላይ ያለውን ካሽ፣ የመልስ ማስቀመጫ፣ እንዲጠይቁ ሚያረገው። እሱ ምን ላይ ነው ሚቀመጠው? በዲፎልት 169.254.20.10 ሚባል አድራሻ የያዘ ዳሚ ኢንተርፌስ ላይ። ማለትም ትልልቅ ክላስተሮች ውስጥ ሚሰራው ዘዴ ላፕቶፓችሁ ላይ ከምናረገው ጋር አንድ ነው።

እሺ፣ እንዴት ይሰራል ወደሚለው እንግባ። ከመፍጠራችን በፊት አድራሻ እንምረጥ። ለግል ኔትወርክ የተተዉት ሰፈሮች ሶስት ናቸው፣ በ1996 በአርኤፍሲ 1918 የተወሰኑት፣ በ10 ሚጀምረው፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው እና 192.168። 192.168.0 እና 192.168.1ን አትንኩ፣ የአለም ራውተር ሁሉ እዛ ነው ያለው። 172.17 የዶከር ነው። እኔ ምጠቀመው 10.53.53.53 ነው፣ 53 የዲኤንኤስ ፖርት ስለሆነ አይረሳኝም። ዋናው ነገር ግን ማስኩ ነው፣ ስላሽ 32 አርጉት። ስላሽ 8 ወይ ስላሽ 24 ካላችሁ ማሽኑ የዛ ሰፈር ሰው ሁሉ በዚ ካርድ በኩል ነው ያለው ብሎ ያምናል፣ ከዛ የመስሪያ ቤታችሁ ቪፒኤን በ10 ሚጀምር ከሆነ ጉድ ፈላ። ስላሽ 32 ማለት ግን ይቺ አንዲት አድራሻ ብቻ፣ ጎረቤት የላትም ማለት ነው።

ሊኑክስ ላይ ያላችሁ እናንተ እድለኞች ናችሁ። ዳሚ ሚባል የኢንተርፌስ አይነት ከርነሉ ውስጥ አለ። አይፒ ሊንክ አድ ብላችሁ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ታይፕ ዳሚ ትላላችሁ፣ አይፒ አድር አድ ብላችሁ አድራሻውን ትሰጡታላችሁ፣ ሊንክ ሴት አፕ ትሉታላችሁ፣ አለቀ፣ ሶስት መስመር ነው። ስታዩት ስቴት ሚለው ቦታ ላይ «አንኖውን» ይላል፣ አትደንግጡ፣ የሌለ ኬብል ስለሆነ አለ የለም ሊል አይችልም፣ በትክክል እየሰራ ነው። ግን አደራ፣ በነዚ ሶስት መስመሮች የተፈጠረ ነገር ሪስታርት ስታረጉ ይጠፋል። ቋሚ እንዲሆን ሲስተምዲ ኔትወርክዲ ምትጠቀሙ ሁለት ፋይል ትፅፋላችሁ፣ አንዱ ዶት ኔትዴቭ ካርዱን ሚፈጥረው፣ ሌላው ዶት ኔትወርክ አድራሻውን ሚሰጠው። ኔትወርክ ማናጀር ምትጠቀሙ በኤንኤምሲኤልአይ ታይፕ ዳሚ የሆነ ኮኔክሽን ብትፈጥሩ እሱው ያስቀምጥላችኋል።

ማክ ላይ ያላችሁ ዳሚ ሚባል የላችሁም፣ የሉፕባክ ካርዱ በሆነው ኤልኦ ዜሮ ላይ ተጨማሪ አድራሻ በኢፍኮንፊግ አሊያስ ብላችሁ ትጨምራላችሁ፣ እሱም ከሪስታርት በኋላ ስለሚጠፋ በላውንችዲ ሁሌ እንዲነሳ አርጉት።

ዊንዶውስ ላይ ደሞ ዲቫይስ ማናጀር ትከፍታላችሁ፣ ከላይ አክሽን ሚለው ውስጥ አድ ሌጋሲ ሃርድዌር ትላላችሁ፣ ራሴ ከዝርዝር እመርጣለሁ ሚለውን፣ ከዛ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ ከዛ ማይክሮሶፍት፣ ከዛ ወረድ ስትሉ ማይክሮሶፍት ኬኤም ቴስት ሉፕባክ አዳፕተር ሚል ታገኛላችሁ። ስሙ ያስፈራል፣ ድሮ ማይክሮሶፍት ሉፕባክ አዳፕተር ብቻ ነበር ሚባለው፣ ሰው አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አጣሁት ሚለው ስሙ ስለተቀየረ ነው። አድራሻውን 10.53.53.53፣ ማስኩን 255.255.255.255፣ ጌትዌይ ሚለውን ባዶ ተዉት። ባዶ! እደግመዋለሁ፣ ጌትዌይ እንዳትሞሉ፣ ከሞላችሁ ዊንዶውስ በዚ በኩል ኢንተርኔት አለ ብሎ ሊሞክር ይችላል፣ ኢንተርኔታችሁ ሲሰራ ሳይሰራ ታብዳላችሁ።

ዊንዶውስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይቺን ብዙ ሰው ይስታታል። ሰርቨሩ ሚቀመጥበትን አድራሻ ቨርቹዋል ካርዱ ላይ ነው ምትሞሉት። ዲኤንኤስ ሰርቨር ሚለውን ሳጥን ግን ዋይፋዩ ካርድ ላይም መሙላት አለባችሁ፣ ምክንያቱም ዋይፋዩ ከራውተሩ የራሱን ዲኤንኤስ ይዞ ነው ሚመጣው፣ አዲሶቹ ዊንዶውሶች ደሞ ጥያቄውን በየካርዱ በአንድ ጊዜ ሊልኩት ይችላሉ። ከዛ አንዴ ይሰራል አንዴ አይሰራም። አንዴ ሰርቶ አንዴ ሚቀር ችግር ደሞ ጭራሽ ከማይሰራው ይከፋል፣ ሰርቶ ሲታይ ተስተካከለ ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

አሁን ሶስተኛው፣ ሰው ሚወድቅበት። የመጀመሪያው ፖርት 53 ነው። ብዙ ሊኑክስ ላይ ሲስተምዲ ሪዞልቭዲ ሚባለው የማሽኑ የራሱ ስም ፈቺ 127.0.0.53 ላይ ፖርት 53ን ይዞ ተቀምጧል። የናንተ ሰርቨር «በሁሉም አድራሻ ላይ ላዳምጥ» ብሎ ሲነሳ ተይዟል ይባላል። እዚጋ ሰው ምን ያረጋል? ሪዞልቭዲን ያጠፋዋል። ከዛ ኢንተርኔቱ ሁሉ ይጠፋል፣ መልሶ ሚያበራበትን እንኳን ፈልጎ ለማንበብ ኢንተርኔት የለውም። እባካችሁ አታጥፉት! ቨርቹዋል አዳፕተር ያለው ሰው ማጥፋት አያስፈልገውም። ሰርቨራችሁን 10.53.53.53 ላይ ብቻ አዳምጥ በሉት፣ አንዱ እዛ አንዱ እዚ፣ ፖርቱ አንድ ቢሆንም አድራሻው ስለሚለያይ አይጋፉም። ዲኤንኤስማስክ ላይ ሊስን አድሬስ ብቻውን አይበቃም፣ ባይንድ ኢንተርፌስስ ሚለውንም ጨምሩ፣ አለዚያ ሁሉንም ይዞ ከዛ ነው ሚያጣራው።

ሁለተኛው «ሪፊውዝድ»፣ አልመልስም፣ ሚለው መልስ ነው። ይሄንን ቀረብ ብለን እንየው ምክንያቱም ደስ ይላል። አንባውንድ ጫናችሁ፣ 10.53.53.53 ላይ አዳምጥ አላችሁት፣ ተነሳ፣ ዲግ በሚባለው የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትዕዛዝ ጠየቃችሁት፣ ሪፊውዝድ አላችሁ። አንባውንድ በዲፎልቱ ከራሱ ማሽን ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ ነው ሚመልሰው። እኔ እኮ ከራሱ ማሽን ነው የጠየኩት ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ግን ማሽኑ 10.53.53.53ን ሲጠይቅ የላኪ አድራሻ አርጎ ሚፅፈው 127.0.0.1ን አደለም፣ ያንኑ 10.53.53.53ን ነው። አንባውንድ ሲያየው እንግዳ ነው፣ በሩን ዘጋበት። አክሰስ ኮንትሮል ሚለው ላይ ያንን አድራሻ አላው አርጉ፣ ኮንቴይነር ካላችሁ 172.17.0.0 ስላሽ 16ንም ጨምሩ። ባይንድ ምትጠቀሙ አላው ኩዌሪ ሚለውን እዩ። 0.0.0.0 ስላሽ 0 ብላችሁ ለአለም ሁሉ ግን እንዳትከፍቱት፣ ኢንተርኔት ላይ ክፍት የሆነ የዲኤንኤስ ሰርቨር ሌላ ሰው ማጥቂያ ይሆናል፣ ትንሽ ጥያቄ በተሰረቀ አድራሻ ይልኩበትና ትልቁ መልስ ሄዶ ምንም የማያውቅ ሰው ላይ ይወርዳል።

እዚጋ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አንዴ ጥያቄው ይድረስ አይድረስ ለማየት በካርድ ሚያልፈውን ፓኬት ሚያሳየውን ቲሲፒ ደምፕን ዳሚው ካርድ ላይ ከፈትኩ፣ ከሌላ መስኮት ጠየኩ፣ መልስ መጣ፣ ቲሲፒ ደምፕ ላይ ግን ዝም። ምንም። ደግሜ ጠየኩ፣ መልስ ይመጣል፣ ካርዱ ላይ አንድ ፓኬት የለም። ግማሽ ቀን የተሳሳተ ነገር ስፈልግ ዋልኩ። ነገሩ ምንድነው፣ ሊኑክስ የራሱ አድራሻ የሆነን ነገር ሁሉ፣ የየትኛውም ካርድ አድራሻ ይሁን፣ በኤልኦ፣ በሉፕባኩ ካርድ፣ በኩል ነው ሚያሳልፈው። አይፒ ራውት ጌት ብላችሁ አድራሻውን ብትጠይቁት ራሱ ይነግራችኋል፣ «ሎካል፣ ዴቭ ኤልኦ» ይላል። ዳሚው ካርድ አድራሻዋ ሚንጠለጠልባት ሚስማር ናት፣ መንገዱ ሌላ ነው። ስለዚ ኤልኦ ላይ አዳምጡ፣ ከኮንቴይነር ሚመጣውን ደሞ የዶከሩ ካርድ በሆነው ዶከር ዜሮ ላይ።

ይሄ ገብቷችሁ ከሆነ ቀጣዩም ይገባችኋል። ስልካችሁ ከዛው ዋይፋይ ላይ ሆኖ 10.53.53.53ን ቢጠይቅ ይደርሳል? እስቲ ማን ይመልሳል? ... አዎ፣ ልክ ነሽ እህቴ፣ አይደርስም። ስልኩ አድራሻውን አያውቀውም፣ ወደ ራውተሩ ይልከዋል፣ ራውተሩም አያውቀውም። ኮንቴይነሩ ግን ለምን ደረሰ? የኮንቴይነሩ ጌትዌይ ማሽናችሁ ራሱ ስለሆነ። ስልክም እንዲጠይቅ ከፈለጋችሁ ራውተሩ ላይ ስታቲክ ራውት ጨምሩ፣ ያ ካልሆነ ሰርቨሩ የዋይፋዩ አድራሻ ላይም እንዲያዳምጥ አርጉ።

ሶስተኛ፣ ሁለተኛ ዲኤንኤስ ሚለው ሳጥን። ሰው ባዶ ሳጥን ሲያይ መሙላት ይወዳል፣ 8.8.8.8 ይሞላበታል፣ ለመጠባበቂያ ብሎ። ተጠባባቂው ሚጠየቀው የመጀመሪያው «አላውቅም» ሲል አደለም፣ ዝም ሲል ነው። አላውቅም ራሱ ሙሉ መልስ ነው፣ እዛው ያበቃል። ስለዚ ሰርቨራችሁ አንድ ሰከንድ ሲዘገይ ጥያቄው ወደ ውጪ ይሄዳል፣ ውጪው የናንተን ስም የለም ይላል፣ ኮምፒውተሩም ያንን «የለም» ካሽ ያረገዋል። የግል ስም ካላችሁ ሁለተኛውን ባዶ ተዉት። የማያውቀውን ስም ወደ ውጪ ሚያስተላልፈው ሰርቨሩ ራሱ ይሁን፣ ፎርዋርደር ሚለው ላይ የውጪውን አድራሻ በግልፅ ፃፉለት፣ ከማሽኑ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ አንብብ ካላችሁት ግን እዛ ያለው ራሱ ነው፣ ራሱን እየጠየቀ ሲሽከረከር ይውላል።

የስም ነገርም አለ። ዶት ሎካል አትጠቀሙ፣ በ2013 በአርኤፍሲ 6762 ለመልቲካስት ዲኤንኤስ የተሰጠ ነው፣ ማክና ፕሪንተሮች ሚጠራሩበት። ዶት ዴቭን ደሞ እኔም ድሮ እጠቀም ነበር፣ የማንም መስሎኝ። የጉግል ነው። በ2017 መጨረሻ ክሮም 63 ሲመጣ ዶት ዴቭ ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ካልሆነ አይከፈትም አለ፣ አንድ ቀን ጠዋት የፕሮጀክቶቼ ገፆች በሙሉ አልከፈት አሉ። ለሙከራ ዶት ቴስት አለላችሁ፣ ከ1999 ጀምሮ ለዚሁ የተተወ። ለቤት ሆም ዶት አርፓ አለ፣ ለውስጥ ኔትወርክ ደሞ ዶት ኢንተርናል በ2024 ተለይቶ ተቀምጧል።

ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ያላችሁ፣ ለናንተ ብቻ አንዲት ቃል። ቨርቹዋል ካርዱ ላይ «የዚህን ካርድ አድራሻ ዲኤንኤስ ላይ መዝግብ» ሚለውን ምልክት አንሱ፣ ሰርቨሩ ሚያዳምጥባቸውን አድራሻዎችም ለይታችሁ ምረጡ። አለዚያ የሰርቨራችሁ ስም ሁለት አድራሻ ይዞ ይመዘገባል፣ ከተጠቃሚዎቹ ግማሾቹ ማይደረስበት አድራሻ ይደርሳቸዋል።

መጨረሻ ላይ ምትፈትኑበትን ልንገራችሁ፣ ኔትወርክ ላይ ሆናችሁ ሞክራችሁ ሰራ ብላችሁ አትነሱ፣ እኔ ማታውን አስር ጊዜ የሞከርኩት እንደዛ ነበር። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኬብሉን ንቀሉ፣ ማሽኑን ሪስታርት አርጉ፣ ሲነሳ ምንም ሳትነኩ በዲግ 10.53.53.53ን የራሳችሁን አንድ ስም ጠይቁት። ከመለሰ፣ ሌላ ዋይፋይ ያዙና ደግሞ ከኮንቴይነር ውስጥ ጠይቁት። ሪስታርት ላይ ብቻ ሚወድቅ ከሆነ ሰርቨሩ ካርዱ ሳይፈጠር ቀድሞ እየተነሳ ነው፣ ኔትወርኩን ጠብቆ እንዲነሳ አርጉት፣ አንባውንድ ላይ አይፒ ፍሪባይንድ የስ ብትሉት ደሞ አድራሻው ገና ባይኖርም ቦታውን ይዞ ይጠብቃል።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፣ አዘጋጁ ምልክት እየሰጠኝ ነው። ላፕቶፕ የያዛችሁ ክፈቱ፣ ዋይፋዩን አጥፉትና ከፊት ረድፍ ጀምረን አብረን እንስራው፣ ያልገባችሁ ካለ እጃችሁን አውጡ፣ እዛው ድረስ እመጣለሁ።